ለላቦራቶሪ የቮልቴጅ ልኬት የሚሆን መሣሪያ በአነስተኛ በጀት እንዴት ይመረጣል?

በላቦራቶሪ የሚለካ ነገር፣ ሙቀትም ይሁን ግፊት፣ ብርሃንም ይሁን የአሲድነት መጠን፣ ኮምፒውተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት በአብዛኛው ወደ ቮልቴጅ ይለወጣል። ይህን ቮልቴጅ ተቀብሎ ወደ ቁጥር የሚቀይረውና በተከታታይ የሚመዘግበው መሣሪያ ባጭሩ ዳክ ይባላል። ዋጋው ከአንድ መጽሐፍ ዋጋ ባነሰ ከሚገኝ ትንሽ ሰሌዳ ተነሥቶ ከአንድ ጥሩ ላፕቶፕ ዋጋ እስከሚበልጥ ሣጥን ይደርሳል። ገዢውን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ግን ርካሹ ሰሌዳ «24 ቢት» ተብሎ ሲሸጥ ብዙ እጥፍ የሚወደደው ሣጥን «12 ቢት» ተብሎ መቅረቡ ነው። የቢቱን ቁጥር፣ ማለትም የሚለካው ቮልቴጅ ስንት እርከን እንደሚከፈል የሚወስነውን ቁጥር፣ ብቻ እያየ የሚገዛ ሰው ሰሌዳውን ይመርጣል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም የመዘገበው ቁጥር ከሙከራው ጋር የማይገናኝ ሆኖ ያገኘዋል።

በዚህ መመሪያ የምሟገትለት ሐሳብ በአነስተኛ በጀት ሲገዛ የልኬቱን ጥራት ከሁሉ በላይ የሚወስነው የመሣሪያው መግቢያ ከሚለካው ሲግናል (ከምንጩ ከሚመጣው ቮልቴጅ) ጋር መስማማቱ ነው የሚል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ መመዘኛዎቹን፣ ቀጥሎ አማራጮቹን እመለከታለሁ።

ከመሣሪያው በፊት ሲግናሉን ማወቅ

ማንኛውንም ካታሎግ ከመግለጥ በፊት ስለ ሲግናሉ በወረቀት ላይ መስፈር ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ትንሹና ትልቁ ቮልቴጅ፣ ከዜሮ በታች መውረድ አለመውረዱ፣ መታየት ያለበት ትንሹ ለውጥ፣ የሚለዋወጥበት ፍጥነት፣ የምንጩ የውስጥ ሬዚስታንስ፣ በመጨረሻም ምንጩ ከግራውንድ (ዜሮ ቮልት ተብሎ ከሚቆጠረው የጋራ ነጥብ) ጋር የተገናኘ ወይም ተንሳፋፊ መሆኑ።

ሦስት የተለመዱ ሲግናሎችን እንውሰድ። ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል የተባለው የሙቀት ሴንሰር ለአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለውጥ የሚሰጠው ወደ 41 ማይክሮቮልት ብቻ ነው፤ ቀርፋፋ ሲሆን የውስጥ ሬዚስታንሱም ትንሽ ነው። የአሲድነት መጠን የሚለካው የፒኤች ኤሌክትሮድ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ የፒኤች እርከን ወደ 59 ሚሊቮልት ስለሚሰጥ ከቴርሞካፕሉ የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን የመስታወቱ ሬዚስታንስ በአሥሮችና በመቶዎች ሜጋኦም የሚቆጠር ነው። የሊቲየም ባትሪ ሙከራ ደግሞ ከ3 እስከ 4.2 ቮልት ገደማ የሚመላለስ ጠንካራ ሲግናል አለው፤ ችግሩ የሚጀምረው በርካታ ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ ነው። እነዚህን ሦስቱን እኩል አድርጎ የሚለካ ርካሽ መሣሪያ የለም።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ክልልና ቢት ነው፤ ሁለቱ ተነጣጥለው መታየት የለባቸውም። ከዜሮ 10 ቮልት ዝቅ ብሎ ከዜሮ 10 ቮልት ከፍ እስከሚል ድረስ፣ ማለትም ±10 ቮልት የሚለካ መሣሪያ 20 ቮልት ስፋት አለው። 12 ቢት ከሆነ ይህ ስፋት ለ4,096 እርከኖች ይከፈልና እያንዳንዱ እርከን 4.88 ሚሊቮልት ይሆናል፤ በ14 ቢት 1.22 ሚሊቮልት፣ በ16 ቢት 0.305 ሚሊቮልት ይደርሳል። 0.305 ሚሊቮልት ትንሽ ይመስላል፤ በቴርሞካፕሉ ሚዛን ሲታይ ግን ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥ ዝላይ ነው። ያው 16 ቢት ±0.256 ቮልት ባለው ክልል ላይ ቢሠራ እርከኑ 7.8 ማይክሮቮልት ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ዲግሪ አምስተኛ እጅ ያነሰ ነው። ቢቱ ሳይነካ ክልሉ በመጥበቡ ብቻ መሣሪያው 39 ጊዜ ያህል ረቂቅ ሆነ። ስለዚህ «ስንት ቢት ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ትንሹ ክልሉ ስንት ነው?» የሚለው መቅደም አለበት።

ሁለተኛው ትክክለኛነት ነው። እርከን ማነስ ማለት ትክክል መሆን ማለት አይደለም። ለምሳሌ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኤዲኤስ1115 የተባለው 16 ቢት ቺፕ በ±2.048 ቮልት ክልል ላይ እርከኑ 62.5 ማይክሮቮልት ነው፤ አምራቹ የሚፈቅደው ከፍተኛ የጌይን ስሕተት (ንባቡን ሁሉ በአንድ መቶኛ የሚያዛባው) ግን 0.15 በመቶ ስለሆነ በ2 ቮልት ላይ እስከ 3 ሚሊቮልት፣ ማለትም እስከ 48 እርከን ሊሳሳት ይችላል። በተግባር ብዙዎቹ ቺፖች ከዚህ በጣም የተሻሉ ናቸው፤ ቢሆንም በሪፖርት ላይ የሚጻፈው ስሕተት በዕድል ላይ መመሥረት የለበትም። ንባቦችን ደጋግሞ አማካይ መውሰድ የሚቀንሰው በዘፈቀደ የሚመጣውን ኖይዝ (የንባብ መበተን) ነው፤ የ100 ንባቦች አማካይ ኖይዙን ወደ አሥረኛ ያወርደዋል፣ የጌይን ስሕተትን ግን በፍጹም አይነካውም። እርሱ የሚስተካከለው ከታመነ ማጣቀሻ ጋር በማነጻጸር ብቻ ነው።

ሦስተኛው የግቤት ሬዚስታንስ ነው። በዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ የምናገረው ገዢዎች ከሁሉም መመዘኛዎች አብልጠው የሚዘነጉት ይህን ስለሆነ ነው። መለኪያ መሣሪያው ከምንጩ ጥቂት ከረንት ይወስዳል፤ የምንጩ የውስጥ ሬዚስታንስ ትልቅ በሆነ መጠን ይህ ከረንት ቮልቴጁን ራሱን ይጥለዋል። በስፋት ከሚታወቁት ርካሽ የዩኤስቢ ሣጥኖች አንዱ የሆነው ዩኤስቢ-6008 የግቤት ሬዚስታንሱ 144 ኪሎኦም ነው። 10 ኪሎኦም ሬዚስታንስ ያለው ሴንሰር በቀጥታ ቢገናኝበት ንባቡ 6.5 በመቶ ያህል ዝቅ ይላል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር ግን ቀጥ ያለና ንጹሕ ስለሚሆን ማንም ስሕተት አይጠረጥርም። 100 ሜጋኦም የሆነ የፒኤች ኤሌክትሮድ 1 ሜጋኦም ካለው መግቢያ ጋር ቢያያዝ የሚቀረው ከእውነተኛው ቮልቴጅ አንድ በመቶ ያህል ነው። መግቢያው 1 ጊጋኦም ቢሆን እንኳ ዘጠኝ በመቶ ያህሉ ይጠፋል። ከዚህም በላይ መግቢያው ራሱ 1 ናኖአምፔር ብቻ ቢያፈስ በ100 ሜጋኦም ላይ 0.1 ቮልት ይፈጥራል፤ ይህ ከአንድ ተኩል የፒኤች እርከን በላይ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሲግናል ዳክ ከመምረጥ በፊት የግቤት ከረንቱ እጅግ ትንሽ የሆነ ኦፕ-አምፕ (የማጉያ ቺፕ) በመሐል ማስገባት ግዴታ ነው፤ ያ ከተደረገ በኋላ ርካሹም ሣጥን በቂ ይሆናል።

ፍጥነትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ሙቀት፣ ፒኤችና የባትሪ ቮልቴጅ በሰከንድ ከጥቂት ንባብ በላይ አያስፈልጋቸውም። ቅርጹ እንዲታይ የሚፈለግ ተለዋዋጭ ሲግናል ካለ ከከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ አሥር እጥፍ ያህል መውሰድ ጥሩ ልምድ ነው። ሊታወቅ የሚገባው በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት በአብዛኛው የሁሉም ቻናሎች (የመለኪያ መግቢያዎች) ድምር መሆኑ ነው፤ በሰከንድ 20,000 ንባብ የሚወስድ ሣጥን ስምንት ቻናል ሲከፈትበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2,500 ነው። በአንድ መቀየሪያ ቺፕ ብዙ ቻናሎችን እየተዘዋወረ የሚያነብ መሣሪያ ምንጩ ከፍተኛ ሬዚስታንስ ሲኖረው የቀደመውን ቻናል ቮልቴጅ በከፊል ይዞ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ሁለት ሴንሰሮች አብረው የሚንቀሳቀሱ ከመሰለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ለቀርፋፋ ልኬት ደግሞ የ100 ሚሊሰከንድ አማካይ መውሰድ ጠቃሚ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የ50 ኸርዝ መስመር በትክክል አምስት ዙር፣ የ60 ኸርዝ መስመርም ስድስት ዙር ስለሚያጠናቅቁ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው ረብሻ ራሱን ያጠፋፋል።

አምስተኛው የግራውንድ ጉዳይ ሲሆን መሣሪያ የሚቃጠለውም በአብዛኛው በዚህ ነው። ሲንግል-ኤንድድ በሚባለው አሠራር ሁሉም ቻናሎች አንድ የጋራ ኔጌቲቭ አላቸው፤ ይህም ኔጌቲቭ በዩኤስቢ ገመዱ በኩል ከኮምፒውተሩ ግራውንድ ጋር ይገናኛል። በተከታታይ ከተያያዙ ሁለት ባትሪዎች የላይኛውን ለመለካት የሚሞክር ሰው የመለኪያውን ኔጌቲቭ በመሐላቸው ላይ ሲያሳርፍ፣ የታችኛው ባትሪ ኔጌቲቭ አስቀድሞ ከግራውንድ ጋር ተገናኝቶ ከነበረ፣ ያንን ባትሪ በቀጥታ ሾርት ያደርገዋል። ዲፈረንሻል መግቢያ ግን የሁለት ሽቦዎችን ልዩነት ስለሚያነብ፣ ሁለቱም ከተፈቀደው የቮልቴጅ ወሰን እስካልወጡ ድረስ ይህን ያለ ችግር ይለካል። ተንሳፋፊ ምንጭ፣ ለምሳሌ ከምንም ጋር ያልተነካካ ቴርሞካፕል፣ በዲፈረንሻል ሲለካ ከኔጌቲቩ ወደ ግራውንድ ከ10 እስከ 100 ኪሎኦም የሚሆን ሬዚስተር ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ንባቡ ቀስ እያለ ይንሸራተትና በክልሉ ጫፍ ላይ ይቆማል። ምንጩና ኮምፒውተሩ በተለያየ ግራውንድ ላይ ከሆኑ መፍትሔው አይሶሌሽን ያለው፣ ማለትም መግቢያው ከኮምፒውተሩ ጋር በኤሌክትሪክ የማይገናኝ መሣሪያ ነው። በግድግዳ ሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ግን ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱም በቀጥታ አይለካም፤ መሞከርም ለሕይወት አደገኛ ነው።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ መረጃው በተራ የጽሑፍ ፋይል መውጣቱን፣ ድራይቨሩ ላቦራቶሪው በሚጠቀምበት የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ መሥራቱን፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ መታዘዝ መቻሉን ከግዢ በፊት ማረጋገጥ ይበቃል።

አማራጮቹ በመመዘኛዎቹ ሲታዩ

*በማይክሮኮንትሮለር ውስጥ ያለ መቀየሪያ።* ማይክሮኮንትሮለር በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በእርሱ ላይ የተመሠረተው አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ሰሌዳ ስድስት የአናሎግ (የቮልቴጅ) መግቢያ አለው፤ 10 ቢት ሆኖ ከ0 እስከ 5 ቮልት ይለካል፣ እርከኑ 4.9 ሚሊቮልት ነው፣ በተለመደው ትእዛዝ በሰከንድ እስከ 10,000 ንባብ ይወስዳል። ድክመቱ ያለው ከእርከኑ ይልቅ በማጣቀሻው ላይ ነው፦ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር የሚያነጻጽረው ከራሱ የኃይል ምንጭ ጋር ነው። የዩኤስቢው 5 ቮልት ወደ 4.8 ከወረደ 4.00 ቮልት ያለው ባትሪ 4.17 ተብሎ ይመዘገባል፤ በሊቲየም ባትሪ ሙከራ ላይ ይህ ገና ያልሞላውን የሞላ አስመስሎ የማሳየት ያህል ነው። ኢኤስፒ32 እና ራስበሪ ፓይ ፒኮ የተባሉት ተመሳሳይ ሰሌዳዎች 12 ቢት ቢሆኑም የላይኛው ወሰናቸው 3.3 ቮልት አካባቢ ነው፤ የኢኤስፒ32 ንባብ በክልሉ ጫፎች ላይ ይጣመማል፣ ከፊሎቹ መግቢያዎቹም ዋይፋይ ሲበራ አይሠሩም። ለማስተማርና አዝማሚያ ለማየት እነዚህ በጣም ጥሩ ናቸው፤ ቁጥሩ በምርምር ጽሑፍ ላይ የሚሰፍር ከሆነ ግን አልመክራቸውም።

*ከማይክሮኮንትሮለር ጋር የሚገናኝ የተለየ መቀየሪያ ቺፕ።* ከሁሉም አማራጮች ለገንዘቡ ከፍተኛውን የሚሰጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሠሪው ብየዳና ጥቂት ኮድ የማይከብደው እስከሆነ ድረስ። ኤዲኤስ1115 አራት ሲንግል-ኤንድድ ወይም ሁለት ዲፈረንሻል ቻናል፣ በሰከንድ እስከ 860 ንባብ፣ ከ±6.144 እስከ ±0.256 ቮልት ስድስት ክልሎች አሉት። የራሱ ውስጣዊ ማጣቀሻ ስላለው የዩኤስቢው መዋዠቅ አይጎዳውም። አራት አድራሻዎች ስላሉት አራት ቺፖችን በአንድ መስመር ላይ በመደርደር 16 ቻናል ማግኘት ይቻላል።

ሦስት ወጥመዶች ግን አሉት። «±6.144 ቮልት» የሚለው የልኬቱን ስፋት ብቻ ይገልጻል፤ ወደ እግሮቹ የሚገባው ቮልቴጅ ከቺፑ የኃይል ምንጭ መብለጥም ሆነ ከዜሮ በታች መውረድ የለበትም። በሲንግል-ኤንድድ ሲሠራ ኔጌቲቩ ግማሽ ጥቅም ላይ ስለማይውል በተግባር 15 ቢት ይሆናል። በጠባቦቹ ክልሎች የግቤት ሬዚስታንሱ ወደ 710 ኪሎኦም ስለሚወርድም ለቴርሞካፕል ሲስማማ ለፒኤች ኤሌክትሮድ በቀጥታ አይስማማም። «24 ቢት» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ኤችኤክስ711 በሰከንድ 10 ወይም 80 ጊዜ ብቻ የሚያነብና ለክብደት ሴንሰር ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለአጠቃላይ የቮልቴጅ ልኬት ባይገዛ ይሻላል። ኤዲኤስ1256 የእውነት 24 ቢትና ስምንት መግቢያ ያለው፣ በሰከንድ እስከ 30,000 የሚያነብ ነው፤ ሆኖም ሙሉ ፍጥነቱና ሙሉ ጥራቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም፣ የሰሌዳው አሠራርም ውጤቱን በእጅጉ ይወስነዋል።

*ለአጠቃላይ አገልግሎት የተሠሩ የዩኤስቢ ሣጥኖች።* ሽቦ በብሎን አጥብቆ ወዲያው ሥራ መጀመር ለሚፈልግ እነዚህ ናቸው። ዩኤስቢ-6008 (12 ቢት፣ በሰከንድ 10,000)፣ ዩኤስቢ-6009 (14 ቢት፣ 48,000) እና ዩኤስቢ-6001 (14 ቢት፣ 20,000) ሁሉም ስምንት ሲንግል-ኤንድድ ወይም አራት ዲፈረንሻል መግቢያ አላቸው። 6001 ክልሉ ±10 ቮልት ብቻ ስለሆነ ያለ ማጉያ ቴርሞካፕል አያነብም። ላብጃክ ዩ3-ኤችቪ ሲገዛ ±10 ቮልት የሚለኩት አራት መግቢያዎቹ ብቻ መሆናቸው፣ የቀሩት ወደ 2.4 ቮልት የተወሰኑ መሆናቸው መታወቅ አለበት። በዚህ ቡድን ወደ ላይኛው ጫፍ ያለው ላብጃክ ቲ7 14 መግቢያዎች፣ ከ±10 እስከ ±0.01 ቮልት አራት ክልሎች፣ ከዩኤስቢ ሌላም የኢተርኔት መስመር አለው፤ ቴርሞካፕልንም ባትሪንም በአንድ ሣጥን መለካት ለሚፈልግ ላቦራቶሪ የክልሎቹ ብዛት ዋጋውን ያካክሳል።

*በራስበሪ ፓይ ላይ የሚቀመጡ ሰሌዳዎች።* ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ራሱ የአናሎግ መግቢያ የለውም። ኤምሲሲ 118 ስምንት ሲንግል-ኤንድድ መግቢያ በ±10 ቮልትና በ12 ቢት ይጨምርለታል፤ ስምንት ሰሌዳዎች ሲደራረቡ 64 ቻናል ይሆናል። ኤምሲሲ 128 ወደ 16 ቢት ያድጋል፣ ዲፈረንሻልና ጠበብ ያሉ ክልሎችንም ይሰጣል። ኮምፒውተር ሳይታሰር ለሳምንታት ለሚቆይ ምዝገባ ምቹ ናቸው።

*ቀርፋፋና ረቂቅ መመዝገቢያዎች።* ፒኮ ኤዲሲ-24 የሚባለው 24 ቢት ያለው ሲሆን 16 ሲንግል-ኤንድድ ወይም ስምንት ዲፈረንሻል መግቢያና ከ±2.5 ቮልት እስከ ±39 ሚሊቮልት የሚደርሱ ክልሎች አሉት፤ ከኮምፒውተሩም በአይሶሌሽን የተለየ ነው። አንዱን ንባብ ለመጨረስ ቢያንስ 60 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ለቀርፋፋ ሲግናል ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ታናሹ ኤዲሲ-20 ያሉት ሁለቱ ሰፋፊ ክልሎች ብቻ ናቸው። 4 ቮልት ባትሪ ለመለካት ሁለቱም የቮልቴጅ መከፋፈያ (ቮልቴጁን በታወቀ መጠን የሚቀንስ የሬዚስተሮች ጥምር) ያስፈልጋቸዋል።

*ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የጠረጴዛ መልቲሜትር።* ስድስት ተኩል ዲጂት የሆነ (ስድስት ሙሉ አሃዞችና ከፊል ብቻ የሚቆጥር አንድ መሪ አሃዝ የሚያሳይ) መልቲሜትር በዝቅተኛ ክልሎቹ ላይ የግቤት ሬዚስታንሱን ከ10 ጊጋኦም በላይ ማድረግ ይችላል፤ ትክክለኛነቱም ከላይ ከተዘረዘሩት ሁሉ ይበልጣል። የሚያነበው አንድ ቻናል መሆኑ ብቻ ነው ድክመቱ። ያገለገለ ግን በደንብ የተያዘ መልቲሜትር ማግኘት የሚችል ሰው አንድ ሲግናል ብቻ ካለው ሌላ መፈለግ የለበትም።

የዩኤስቢ ኦሲሎስኮፖች (የቮልቴጅን ቅርጽ በስክሪን ላይ የሚያሳዩ መሣሪያዎች) ለማይክሮሰከንድ ክስተቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ 8 ቢት፣ ማለትም 256 እርከን ብቻ ስላላቸው ለዝግታ ልኬት አይመረጡም። የኮምፒውተር የድምፅ ካርድ ቋሚ ቮልቴጅን ስለሚያግድ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም።

| አማራጭ | ጠባቡ ክልል | ቢት | ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ | ዲፈረንሻል | የወጪ ደረጃ |
|---|---|---|---|---|---|
| አርዱዊኖ ኡኖ | በተለመደው 0–5 ቮልት | 10 | 10,000 ገደማ | የለውም | እጅግ ዝቅተኛ |
| ኤዲኤስ1115 ከአርዱዊኖ ጋር | ±0.256 ቮልት | 16 | 860 | 2 | እጅግ ዝቅተኛ |
| ዩኤስቢ-6001 | ±10 ቮልት | 14 | 20,000 | 4 | መካከለኛ |
| ኤምሲሲ 118 በራስበሪ ፓይ | ±10 ቮልት | 12 | 100,000 | የለውም | መካከለኛ |
| ላብጃክ ቲ7 | ±0.01 ቮልት | 16 | 100,000 | 7 | ከፍ ያለ |
| ፒኮ ኤዲሲ-24 | ±39 ሚሊቮልት | 24 | 16 ገደማ | 8 | ከፍ ያለ |
| የጠረጴዛ መልቲሜትር | 100 ሚሊቮልት | ስድስት ተኩል ዲጂት | እንደ ሞዴሉ | አንድ ቻናል | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

በጀቱ በጣም ጠባብ ለሆነ ተማሪ ኤዲኤስ1115 ከአርዱዊኖ ጋር፣ በተጨማሪም አንድ የሚታመን የእጅ መልቲሜትር እመክራለሁ። ከዚያ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ 0.1 በመቶ ትክክለኛነት ላለው የቮልቴጅ ማጣቀሻ ቺፕ ይዋል እንጂ ለተጨማሪ ቢት አይውጣ።

ብዙ ተማሪዎች በየተራ ለሚጠቀሙበት የማስተማሪያ ላቦራቶሪ በብሎን የሚታሰር፣ ±10 ቮልት የሚችል ሣጥን ይሻላል፤ በስሕተት 9 ቮልት ባትሪ የሚያገናኝ ተማሪ አይጠፋምና፣ እንዲህ ያለው ስሕተት ባዶውን ቺፕ ሲገድለው ሣጥኑን አይነካውም። ቴርሞካፕል ላይ ለሚሠራ ተመራማሪ ፒኮ ኤዲሲ-24 ወይም ላብጃክ ቲ7 ይስማማል፤ በመካከላቸው የሚወስነው አይሶሌሽን ወይም ሰፊ ክልልና ፍጥነት ማስፈለጉ ነው። በተከታታይ የተያያዙ ባትሪዎችን ለሚፈትሽ የዲፈረንሻል ቻናል ብዛት ከሁሉም በፊት ይታይ፤ የባትሪዎቹ ድምር ከ10 ቮልት ከበለጠም መከፋፈያ ይጨመር። ለፒኤች ወጪው መጀመሪያ በኦፕ-አምፕ መሸጋገሪያው ላይ ይዋል፤ ዳኩ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው በደረሰ ቀን

የትኛውም ቢገዛ ሴንሰር ከመገናኘቱ በፊት የሚደረጉ ሦስት ሙከራዎች አሉ። በመጀመሪያ የመግቢያው ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ ተገናኝተው አሥር ደቂቃ ይመዝገብ፤ ንባቡ ከዜሮ የራቀበት መጠን ኦፍሴቱን፣ የተበተነበት መጠን ኖይዙን ያሳያል። ቀጥሎ አዲስ 1.5 ቮልት ባትሪ በመልቲሜትርና በዳኩ ጎን ለጎን ይለካ፤ ዲፈረንሻል ከሆነ ሽቦዎቹ ተገልብጠው ይደገም። በመጨረሻ በዚያው ባትሪና በመግቢያው መካከል 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ይግባ። ንባቡ ካልተነቃነቀ የግቤት ሬዚስታንሱ ከፍተኛ ነው፤ ከ1.50 ወደ 1.36 ቮልት ከወረደ ግን መግቢያው 1 ሜጋኦም ያህል ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከቀኑ ጋር ተጽፎ በመሣሪያው ጀርባ ላይ ይለጠፍ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ተጠቃሚ ሴንሰሩ ከዚያ መግቢያ ጋር መስማማቱን ሽቦ ሳያገናኝ ማስላት ይችላል።